ደወሉ እስኪጮህ

«ምድጃው ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነችው ልጅቷ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው። እትዬ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሆነው ስልክ ይናገራሉ፤ እኔ ሠላሳ እንቁላል የያዘ ካርቶን በሁለት እጄ ደግፌ ከመስኮቱ ስር ቆሜያለሁ። እጃቸው ሁልጊዜ ዱቄት ስለሆነ ስልኩን ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነው የሚያወሩት፤ ስለዚህ ውጭ አገር ያለው ልጃቸው የሚለውም ይሰማኝ ነበር። ምድጃውን የላከው እሱ ነው፤ ከደረሰ ገና አራት ሳምንቱ። ሙቀቱ በዝቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ትራንስፎርመሩ ይግል እንደሆነ ይጠይቃል። እትዬ ለሁሉም «የለም፣ የለም» አሉ። እኔ ስጋግር አንድም ቀን አላረረብኝም፣ እሷ ስትይዘው ግን ከሦስት ትሪ ኬክ ሁለቱ ከሰል ነው፣ ቀልቧ እዚህ አይደለም አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔም ካርቶኑን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ። የወንድሜ ልጅ ናትና አፌን ሞልቼ አልናገርም፣ ግን ዛሬን አይቼ ካልተሻላት ከነገ ጀምሮ ቤቷ ትቀመጥ፣ የጎረቤቴን ልጅ አስመጣለሁ አሉ። «ከእናቷ የወረሰችው ነው» የሚል ነገርም ሰማሁ። ምኑን እንደወረሰችው ግን ቧንቧ ተከፍቶ ቃሉ አመለጠኝ።

ሳል ሳል አልኩና በሩን ገፋሁ። እትዬ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ካገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ የሚጠሩኝ «ሙሽራ» ብለው ነው። ምንም እንዳልተባለ ሁሉ «ግቢ ሙሽራ፣ እንቁላሉን እዚያ» አሉኝ። እንቁላል የማመጣላቸው እኔ ነኝ፤ በእሳቸው ሰፈር ሃያ አምስት በሚገዛ ዋጋ በእኛ ሰፈር ሠላሳ ይገኛል። እንቁላሉን ሳስቀምጥ ነው ልጄን ያየኋት። ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትሪ ቅቤ ትቀባለች። ያን ሁሉ የተናገሩት እሷ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆማ ነው። ጆሮዋ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም። ትናንት ማታ እኔም «የዘመድ ቤት ከሰው ቤት ይከብዳል፣ ቀልብሽን ሰብስቢ» ብያት ነበር። ያን ጊዜም እንዲሁ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር።

ወጥ ቤቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ሆዱን መሳብ አለበት። በአንድ በኩል በሩ በሽቦ የሚታሰረው የድሮው የጋዝ ምድጃ አለ፤ አሁን ድስት ይደረደርበታል። በሌላ በኩል አዲሱ ተቀምጧል። አዲስ የምለው ለእኛ ነው እንጂ ልጃቸው የገዛው ቤት ከሚቀይር ጎረቤቱ ላይ ነው። በሩ መስታወት ነው፣ ውስጡ መብራት አለው፣ በቀኝ በኩል ሦስት ማዞሪያዎች አሉት፤ አንዱ የሙቀት፣ አንዱ ከላይ ወይ ከታች የሚያስመርጥ፣ ሦስተኛው ደቂቃ የሚቆጥር። ምድጃው ራሱ ርካሽ ነበር አሉ፤ የማጓጓዣው ዋጋ ግን ከምድጃው በለጠ፣ እዚህ ከደረሰ በኋላ የተገዛለት ትራንስፎርመር ደግሞ ከማጓጓዣው በለጠ። ከፈረሱ ኮርቻው ማለት ይሄ ነው። ትራንስፎርመሩ የጫማ ካርቶን የሚያክል የብረት ሳጥን ነው፤ ጠረጴዛው ስር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ «እምምም» ይላል፣ ነገር የያዘ ሰው ይመስላል። የዚያ አገር መብራት ጉልበቱ የእኛ ግማሽ ነው፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ከተሰካ ምድጃው ይቃጠላል፣ ሳጥኑ ግን የእኛን ጉልበት ቀንሶ ይሰጠዋል ብለው ልጃቸው የነገራቸውን ነግረውኛል። የምድጃው ስፒና ጥርሶቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ እኛ ግድግዳ ላይ አይገቡም፣ ሳጥኑ ላይ ግን ልክ ይገባሉ። እኔ ይህን በሰማሁ ቀን ሳጥኑን ጎንበስ ብዬ ብዙ አይቼዋለሁ። አገር ለአገር መብራቱ እንደሚለያይ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር፤ መብራት መብራት ይመስለኝ ነበር።

እትዬ የመጀመሪያውን ትሪ ራሳቸው አስገቡ። የደቂቃውን ማዞሪያ ሠላሳ ላይ አደረጉትና ስለ ዱቄት ዋጋ፣ ስለ ቤት አከራዩ አዲስ በር፣ ስለ አንዲት ደንበኛ ኩራት ያወሩኝ ጀመር። ከትልቅ መሥሪያ ቤት ለዘጠኝ ሰዓት የሻይ ዕረፍት ስድስት ትሪ ኬክ ታዘዋል፤ ሁለቱ ማለዳ ወጥተዋል። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ አፍንጫቸውን ወደ ምድጃው ቀና አደረጉና ተነሥተው ከፈቱት። ኬኩ የማር መልክ ይዞ ወጣ። በክርናቸው ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መለሱት፤ ደወሉ «ትን» አለ። እኔ ሁሉንም አይቻለሁ፣ ግን በዚያ ሰዓት ምንም አልታየኝም። የተዘጋጁትን ትሪዎች ሸፋፍነው ለማድረስ ሲወጡ ልጄን «ሠላሳ ላይ አድርጊው። ደወሉ ሳይጮህ እንዳትከፍቺ፣ ይሟሽሻል። ሲጮህ ደግሞ አፍታ እንዳትቆዪ» አሏት። ልጃቸው ከውጭ የነገራቸው ደንብ ነው። እሷም «እሺ አክስቴ» አለች።

ልጄ እሺ ካለች እሺ ናት፤ ይህን የምለው እናቷ ስለሆንኩ አይደለም። የአራት ዓመት ልጅ ሆና «እስክመለስ ከዚህ ምንጣፍ እንዳትወርጂ» ብያት ውሃ ልቀዳ ወጣሁ፤ ወረፋው ረዝሞ ስመለስ ሸንታ ከእነ ርጥብ ልብሷ እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያን ቀን አለቀስኩ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ያው ናት። ስለዚህ ትሪውን አስገብታ፣ ማዞሪያውን ሠላሳ ላይ አድርጋ፣ በርጩማዋን ስባ መስታወቱ ፊት ስትቀመጥ ዓይኔን ከእሷ አላነሳሁም። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዋ በሩ ኋላ ተሰቅሏል። እጆቿን ጉልበቷ መሃል ከታ ምድጃውን ታያለች። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ላለመቀመጥ ደብተሬን አወጣሁ። በጎልማሶች ትምህርት ቤት ሰዓት ማንበብ የጀመርነው ባለፈው ወር ነው፤ አስተማሪዋ በቀን የምንሠራውን ከእነ ሰዓቱ እንድንጽፍ አዛናለች። የባለቤቴን ሰዓት ለዚሁ ብዬ አስሬ ነበር፤ ሰፍቶኝ ክንዴ ላይ ይወጣል ይወርዳል። ትልቁ እጅ ሁለት ላይ ነበር። «ኬክ ገባ» ብዬ ጻፍኩ።

 እኔ ዛሬ ምን ልበላት ብዬ አስባለሁ፣ እሷ ምን እንደምላት ታውቃለች። ሳጥኑ «እምምም» ይላል። ከጊዜ በኋላ ጥሩ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ጥሩው ሽታ ሌላ ሆነ። ልጄ በርጩማው ላይ ተቁነጠነጠች፤ እጇ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። «ትን» ሲል ከደወሉ እኩል ብድግ ብላ ከፈተች። ጠርዙ ጠቁሯል፣ ላዩም የተቃጠለ ቆዳ መስሏል። አላለቀሰችም። ትሪውን አስቀምጣ ቢላ አነሳችና ጥቁሩን በቀስታ ትፍቅ ጀመር። «እማ፣» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ከዚህ ሌላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም።»

ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ ትልቁ እጅ ዘጠኝን ትንሽ አልፏል። ከሁለት ተነሥቶ ሠላሳ ደቂቃ ከሄደ ስምንት ላይ ነው መሆን ያለበት። በጣቴ አምስት አምስት እያልኩ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስድስት መጣ። ተሳሳትኩ ብዬ እንደገና ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስድስት። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ነው የደመደምኩት፤ ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ትልቁን እጅና ትንሹን እጅ አቀያይሬ ሁሉንም አስቄያለሁ። ግን እትዬ ማዞሪያውን በክርናቸው ሲመልሱት ዓይኔ ላይ መጣ። ወደ ዜሮ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ልጄን ስንት ሰዓት ላይ እንዳስገባችው ጠየቅኳት። ሰዓት አላየሁም፣ ከደወሉ ሌላ ምንም እንዳታዪ ተብያለሁ አለች። «ስልክሽን አምጪ» አልኳት። ፈራች፤ እዚህ ቤት ስልክ መንካት ጥፋት ሆኗል። «እኔ አለሁ፣ አምጪ።»

ምድጃውን ባዶውን፣ ሙቀቱን አጥፍተን፣ ደቂቃውን ብቻ አሥር ላይ አደረግነው። እሷ በስልኳ፣ እኔ በክንዴ ሰዓት ያዝን። አሥር ደቂቃ ሞላ፤ ደወሉ ዝም። አሥራ አንድ ሞላ፤ ዝም። ልክ አሥራ ሁለት ላይ «ትን» አለ። ተያየን። አምስት ላይ አደረግነው፤ ስድስት ላይ ጮኸ። በየአምስቱ አንድ ደቂቃ ይቀጥላል፤ ሳይረሳ፣ ሳያዛንፍ፣ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ። ልጄ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ፤ «አበላሸሽው ይሉኛል» አለች። እውነቷን ነው። ምድጃው ተበላሽቷል ብዬ ብነግራቸው በማን እጅ ተበላሸ ነው የሚሉት። ሲመጣ ደህና ነበር፣ እኔ ስጋግር ደህና ነው ይላሉ። ለምን እንደዚህ እንደሚያደርግ ካላወቅኩ ለልጄ ሁለተኛ ጥፋት ጨመርኩላት እንጂ አላዳንኳትም። ትናንት ማታ ያልኳት ነገር ትዝ አለኝ። «ትናንት እኔም…» ብዬ ጀመርኩ። «ተዪው እማ» አለችኝ፣ ቢላውን ለማጠብ ዞር እያለች።

የሚያውቅ ሰው ዘንድ ለመሄድ ወሰንኩ፤ ምድጃ ተሸክሜ ስለማልሄድ ግን ምድጃው ስለ ራሱ የሚናገረውን መያዝ ነበረብኝ። ከኋላው አንድ ትንሽ የብር መልክ ያለው ወረቀት ተለጥፏል። ልጄ በስልኳ መብራት አበራችልኝ፤ እኔ ግድግዳውና ምድጃው መሃል አንገቴን አስገብቼ ገለበጥኩ። ፊደሉ የውጭ ነው፤ እኔ ገና የራሳችንን ነው የጨረስኩት፤ ቢሆንም እንደ ጥለት እያየሁ ሣልኩት። ቁጥሩን ግን አነበብኩ፦ መቶ ሃያ፣ ስድሳ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ። ከዚያ ሳጥኑ ስር ጎንበስ ብዬ የእሱንም ጻፍኩ፦ ሁለት መቶ ሃያ፣ መቶ አሥር፣ ከታች ደግሞ ሃምሳና ስድሳ በአንድ ሰረዝ ተለይተው ጎን ለጎን። ልጄ ላንሳው በስልክ ብላኝ ነበር። አይሆንም አልኳት። በእጄ የጻፍኩትን ነገር ስጠየቅ አልረሳውም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሁለት መንገድ አልፎ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን ያለችው አንድ በር ሱቅ ውስጥ ነው ያለው። ሰፈሩ ሁሉ «ፊውዝ» ይለዋል፣ ቶሎ ስለሚቃጠል። ስገባ ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ ላይ አጎንብሶ ነበር። ነገሩን ስነግረው ቀና እንኳ ሳይል ዕቃ በወሬ አይታከምም፣ ዕቃውን አምጪ አለኝ። ደብተሬን ሬዲዮው ላይ ዘረጋሁለት። ሊቆጣ አፉን ከፈተና ጽሑፌን አይቶ ተወው። «እናቴ፣ ይሄ ጉንዳን ነው ወይስ ፊደል?» አለኝ። ጉንዳኑን ተወውና ቁጥሩን እየው አልኩት። ጣቱ መቶ ሃያው ላይ አለፈ፤ ስድሳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ስንት ደቂቃ ነው የሚያዘገየው ብሎ ጠየቀኝ። በየአምስቱ አንድ አልኩት። ካቻቢቴውን አስቀመጠ፤ ፊቱም ተቀየረ፣ የድሮ ወዳጁን ስም የሰማ መሰለ።

ከላይ መደርደሪያ አንድ አቧራ የለበሰ የጠረጴዛ ሰዓት አወረደ። ባለቤቱ ከውጭ ይዞት መጥቶ፣ ከትራንስፎርመር ጋር ሰክቶት፣ በሰዓት አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል ብሎ ለጥገና የሰጠው ነው። ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ ገጠምኩት፣ ዘይት ቀባሁት፣ ጥርሱን በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት አለኝ። ምንም አልነበረበትም። ሦስት ሳምንት ጤነኛ ሰዓት ሳክም ኖርኩ፤ ባለቤቱም ተናዶ ጥሎልኝ ሄደ አለ። ከዚያ ያስረዳኝ ጀመር፤ እኔም ባልገባኝ ቁጥር አስቆምኩት፣ እሱም ሳይቃጠል ደጋገመልኝ። መብራት እንደ ውሃ በአንድ ወገን የሚፈስ አይደለም፤ ይመላለሳል። እኛ ዘንድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ፣ እዚያ ስድሳ ጊዜ። የዚህ ዓይነቱ ሰዓት ደግሞ የራሱ ልብ የለውም፤ ምልልሱን ነው የሚቆጥረው። ስድሳ ሲሞላለት አንድ ሰከንድ አለፈ ይላል። እዚህ ሲመጣ በሰከንዱ ሃምሳ ብቻ ያገኛል፣ የጎደለውን አሥር ከሚቀጥለው እስኪሞላ ይጠብቃል። «ሳጥኑስ? ቀንሶ እንዲሰጠው አይደል የተገዛው?» አልኩት። «ሳጥኑ ጉልበቱን ነው የሚቀንሰው እናቴ፤ ምልልሱን አይነካም።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ቀና ብዬ ጣሪያው ላይ ያለችውን አምፑል አየሁ፤ ሃምሳ ጊዜ ስትመላለስ ግን ምንም አይታይባትም። ታዲያ ሙቀቱስ ለምን አልተዛባም አልኩት። ሙቀት ቁጥር አያውቅም፣ ጉልበት ካገኘ ይበቃዋል አለኝ። እነሱ ለምን ስድሳ አደረጉት አልኩት። አባቶቻቸው ሲጀምሩ የተስማሙበት ነው፣ የእኛም ሃምሳ እንደዚያው፣ አንዱ ከአንዱ አይሻልም አለ። መጠገን ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ምልልሱን የሚቀይር ማሽን አለ፣ በእሱ ዋጋ ግን ሁለት ምድጃ ይገዛል፤ ምድጃው አልታመመም፣ መድኃኒቱ ማወቅ ነው አለኝ። እንግዲያው ና ይህንኑ ለእትዬ ንገርልኝ ብዬ ለመንኩት። እሳቸውን ያውቃቸዋል። ትራንስፎርመሩ ላይ የዳንቴል ጨርቅ አልብሰውት አግኝቶ አንሡት፣ ይግላል ቢላቸው፣ አንተ ልጅ ሆነህ እኔ ቤት ይዣለሁ ብለውታል። «እሳቸው ጋ እኔ ቶሎ ነው የምቃጠለው» አለና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

ስመለስ እትዬ ቀድመውኝ ደርሰዋል። የተፋቀውን ኬክ አይተዋል። ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀረው የሁለት ትሪ ሊጥ ነው፤ አንዱን ራሳቸው እየጨመሩ «ይቺን እኔው አስገባታለሁ። አንቺ ዕቃ እጠቢ» አሏት። ልጄ እጅጌዋን ሰበሰበች። አሁን ካልተናገርኩ ማታ ላይ መናገሬ ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ። ደብተሬን ገልጬ፣ ከሃምሳው ከስድሳው ጀምሬ፣ እንደ ፊውዝ አሳምሬ ሳይሆን እንደሆነልኝ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። «ሙሽራ፣» አሉኝ፣ «ልጄ የላከልኝ ዕቃ ይዋሻል ነው የምትይኝ?»

«አይዋሽም እትዬ። የለመደው ሌላ ነው።»

 ከዚያ ክንዴን ይዘው ሰዓቱን አስፈቱኝና ጠረጴዛው ላይ፣ ዱቄቱ መሃል አስቀመጡት። ትሪውን አስገቡ፣ ማዞሪያውን ሠላሳ ላይ አደረጉ፣ ወንበር ስበው ክንዳቸውን አጣምረው ተቀመጡ። እኔ በርጩማው ላይ፣ ልጄ እጇ እንደረጠበ ገንዳው አጠገብ። መጀመሪያ ወሬ ነበረ፤ አከራዩ በሩን ቀይ ቀለም እንደቀባው፣ ቀይ በር ያለበት ቤት ኪራይ ሳይጨመር እንደማይቀር። ሃያ ደቂቃ አካባቢ ወሬው እየሳሳ ሄደ። ሃያ ስምንት ላይ አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። ሠላሳ ሲሞላ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው ተነሡ።

«ደርሷል» አሉ።

«ደወሉ አልጮኸም እትዬ» አልኳቸው።

ቆመው ሰዓቱን አዩ፤ ማዞሪያውን አዩ። ማዞሪያው ገና አምስት ላይ ነው። እንደሚከፍቱት እርግጠኛ ነበርኩ፤ የታዘዘ ኬክ ነው፣ ደንበኛ ይጠብቃል፣ በእሳቸው እጅ አንድ ትሪ ተበላሽቶ አያውቅም። ግን ተመልሰው ተቀመጡ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ስድስት ደቂቃ የረዘመብኝ ጊዜ አላስታውስም።  ሽታው ሲለወጥ እትዬ እጃቸውን እጃቸው ላይ ጭነው ያዙት፣ ልጆች እንዳይነኩ ሲባሉ እንደሚያደርጉት። ሠላሳ ሦስት ላይ ከበሩ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ወጣ። ልጄን አየኋት፤ እሷ አክስቷን እንጂ ምድጃውን አታይም ነበር። ፊቷ ላይ ደስታ ፈልጌ አላገኘሁም፤ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ምን እንደሆነ ስለምታውቅ ይመስለኛል። «ትን» አለ። እትዬ ቀስ ብለው ከፍተው አወጡት። ጠርዙ ጠቁሯል፣ ላዩ የተቃጠለ ቆዳ መስሏል።

ትሪውን ብዙ ጊዜ አዩት። «እኔስ ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ሳያርርብኝ ቀረ?» አሉ፤ ማንን እንደጠየቁ አልገባኝም። እኔ ልመልስ ስል ልጄ ቀደመችኝ። ድምፅዋ አልተነሣም፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ነው የተናገረችው።

«እርስዎ ደወሉን ጠብቀው አያውቁም አክስቴ። በአፍንጫዎ ነው የሚያወጡት። ጠብቂ ያሉት እኔን ነው።»

እትዬ ይቅርታ የሚሉ ሰው አይደሉም፤ አላሉምም። የከሰለውን ትሪ ወደ ጎን ገፉት። የጋገሩት ሁሉ፣ የተቆጡት ሁሉ በዓይናቸው ሲያልፍ ያየሁ መሰለኝ፤ ግን የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ አላየሁምና አልምልም። ሁለተኛውን ሊጥ ትሪው ላይ ገለበጡ፣ አስተካከሉ፣ ምድጃው ውስጥ ከተቱ። እጃቸው ማዞሪያው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ስንት ላይ ላድርገው?» አሉ። የጠየቁት እኔን አልነበረም።

«ሃያ አምስት» አለች ልጄ። በየአምስቱ አንድ ሲጨምር ሃያ አምስቱ ሠላሳ ይሆናል፤ እኔ በጣቴ ስደርስበት እሷ ተናግራ ጨርሳለች።

ሃያ አምስት ላይ አደረጉት። ከዚያ ልጄን ከክርኗ ይዘው ምድጃው ፊት አቆሟት፤ እኔም መንገድ ለመልቀቅ ሆዴን ስቤ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። መብራት ቢጠፋስ፣ ሌላ ምድጃ ቢመጣስ፣ ደወል የሌለው ቤት ብትገቢስ አሏት፤ ለነገሩ ነገም እኔ ገበያ ስሄድ ብቻሽን ነሽ አሏት። ነገ ሲሉ ሰማሁ፤ ልጄም ሰማች። አፍንጫዋን ወደ በሩ እንድታስጠጋ አደረጓት። አሁን ምን ይሸታል ሲሏት እንቁላል አለች። ገና ነው አሉ። ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ በድስት ክዳን ከደኑት። ቆይተው እንደገና ጠየቋት፤ ቅቤ፣ ስኳር አለች። ቀርቧል፣ ግን ገና ነው፤ ስኳሩ ሲያልፍና እንደ ተቆላ ነገር መሽተት ሲጀምር፣ ሳይቆላ፣ እዚያ መሃል ላይ ነው አሏት። እንዲህ ሲያስተምሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ይህን ነገር ለማንም ነግረው የሚያውቁም አይመስለኝም። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። እኔም ካለሁበት ትንፋሼን ሳብኩ፤ የእኔ አፍንጫ ግን ሁሉንም ኬክ ብቻ ነው የሚለው።

«አሁን» አለች ልጄ።

እትዬ አልጠየቋትም፤ በሩን ከፈቱ። ደወሉ የጮኸው የማር መልክ የያዘው ትሪ ጠረጴዛው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።